የጂኦሜትሪ ትምህርት በቪዲዮ፦ ለቤት ተማሪዎች ሲመረጥ

በአሜሪካ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሳይልኩ በቤት የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች፣ ልጁ ለዘጠነኛ ወይም ለዐሥረኛ ክፍል ሲደርስ የጂኦሜትሪን ትምህርት በቪዲዮ ለሚያስተምር ሌላ መምህር መስጠትን ይመርጣሉ። የአልጀብራ መልመጃ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ላይ የሚያርፍ በመሆኑ ወላጁ የመልስ ቁልፍ ይዞ ሊያርመው ይችላል፤ ጂኦሜትሪ ግን ተማሪው አንድ አባባል እውነት የሆነበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ እንዲያስረዳ ስለሚጠይቅ፣ ከትምህርት ቤት ከወጣ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው በቀላሉ የሚያስተምረው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የቪዲዮ ኮርስ የሚባለው የተቀረጸ ትምህርት፣ የመማሪያ መጽሐፍ፣ የመልመጃ ደብተር፣ ፈተናና የመልስ ማብራሪያ ተጣምረው የሚቀርቡበት ጥቅል ሲሆን፣ ገበያው ላይ ካለው ብዛት የተነሣ ወላጆች ብዙ ጊዜ በመምህሩ አነጋገር፣ በሥዕሉ ውበት ወይም በዋጋው ይመርጡታል። ዋናው ጥያቄ ግን ቪዲዮው ከቆመ በኋላ ተማሪው በወረቀቱ ላይ ምን እንዲሠራ ይጠየቃል፣ የሠራውንስ ማን ያነብለታል የሚለው ነው።

የቤት ውስጥ ትምህርት በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ አሠራሩ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቴክሳስ ወላጁ ለመንግሥት እንዲያሳውቅ አያስገድድም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ግዛቶች መካከል ቨርጂኒያ በየዓመቱ ማሳወቂያና የተማሪውን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ሜሪላንድ ደግሞ የተማሪው ሥራዎች በአንድነት ተሰብስበው እንዲገመገሙ ታደርጋለች። ይህ ልዩነት ለምርጫው የራሱ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በሜሪላንድ ለሚኖር ቤተሰብ በደብተር ላይ የተጻፈ ሥራ የሚተርፍበት ኮርስ፣ በኮምፒውተር ላይ ተነካክቶ ውጤት ብቻ ከሚመዘገብበት ኮርስ ይልቅ በግምገማው ቀን ይጠቅመዋል።

ጂኦሜትሪ በትምህርት ቤት የተለየ ቦታ የተሰጠው በዩክሊድ ምክንያት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ይህ ሊቅ «ኤለመንትስ» በሚባለው የ13 መጻሕፍት ሥራው፣ ፖስቹሌት ከሚባሉ፣ ማለትም ያለ ማረጋገጫ ከሚወሰዱ 5 መነሻዎች ተነሥቶ፣ እያንዳንዱን ቲዎረም ቀደም ሲል ከተረጋገጠው ላይ እየገነባ ይሄዳል፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ብቻ 48 አባባሎችን የያዘ ሲሆን፣ ስለ ቀጤ ጎነ ሦስት የሚናገረው የፓይታጎረስ ቲዎረም 47ኛው ነው። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ አሠራር ወርሰው፣ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ገጹን ለሁለት ከፍሎ በግራ አባባሉን፣ በቀኝ ምክንያቱን እየጻፉ ማረጋገጫ መሥራትን አስለመዱ። ለአንድ ወጣት ሐሳቡን ያለ ምክንያት እንዳያቀርብና የሌላውን ሐሳብ ያለ ምክንያት እንዳይቀበል በሥርዓት የሚያሠለጥነው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለሆነም ማረጋገጫን ወደ ጎን ትቶ የስፋትና የይዘት ቀመሮችን ብቻ የሚያስጠና ኮርስ የጂኦሜትሪን ስም እንጂ ጂኦሜትሪን አያስተምርም።

ማረጋገጫ መጻፍ ደግሞ በጥሩ መምህር ፊት እንኳ ከባድ ነው። ሻሮን ሴንክ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጥናት፣ ማረጋገጫን የሚያስተምር የሙሉ ዓመት የጂኦሜትሪ ትምህርት ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ማረጋገጫ መጻፍን በአጥጋቢ ደረጃ የቻሉት 30 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደነበሩ አሳይታለች። ለዚህ ድክመት አሳማኝ ማብራሪያ የሰጡት ሁለቱ የኔዘርላንድ መምህራን፣ ባልና ሚስቱ ፒየር ቫን ሂሌና ዲና ቫን ሂሌ-ሄልዶፍ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረቧቸው የምርምር ሥራዎች እንደሚያስረዱት፣ የጂኦሜትሪ አስተሳሰብ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያ ቅርጹን በመልኩ ብቻ ይለያል፣ ቀጥሎ የቅርጹን ባሕርያት ይዘረዝራል፣ ከዚያ ባሕርያቱ እንዴት እርስ በርስ እንደሚያያዙ ያያል፣ ማረጋገጫን በራሱ መሥራት የሚችለው ከዚህ በኋላ ነው። መምህሩ የሚናገርበት ደረጃ ተማሪው ካለበት በላይ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ እንኳ አይግባቡም። ይህን ለማወቅ ወላጁ ልጁን «ካሬ ሬክታንግል ነው ወይስ አይደለም? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ ልጁ ሁለቱን በመልካቸው እየለየ «አይደለም» ካለ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ማረጋገጫ የሚጀምር ኮርስ ገና አይስማማውም፤ ሥዕል፣ ልኬትና አሣሣል በስፋት የሚቀድሙበት ኮርስ ያስፈልገዋል።

ስለ ቪዲዮው አቀራረብ ራሱ የሚታወቀው ነገር ጥቂት ግን ጠቃሚ ነው። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት በኤዴክስ የኢንተርኔት ኮርሶች ላይ የተመዘገቡ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው፣ ቪዲዮው ሲረዝም ተመልካቹ እየቀነሰ እንደሚሄድና ከ6 ደቂቃ ያነሱት በተሻለ እንደሚታዩ፣ እንዲሁም መምህሩ እየተናገረ በእጁ የሚስልበት ትምህርት ተዘጋጅተው ከሚገለጡ ስላይዶች ይበልጥ እንደሚስብ ደርሰውበታል። የተጠኑት ተመልካቾች የቤት ተማሪዎች ባይሆኑም፣ ሁለተኛው ግኝት ለጂኦሜትሪ በጣም የሚስማማ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ሥዕል ተጠናቆ ሲቀርብ የትኛው መስመር ከተሰጠው እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ለማረጋገጫው ሲባል በኋላ እንደተጨመረ ተማሪው ሊያውቅ አይችልም። የቪዲዮን ጉድለት በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን የተማሩ ወላጆች ምስክርነት የሚናቅ አይደለም፤ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ተማሪው ገባው አልገባው በራሱ ፍጥነት ያልፍ ነበርና። የዛሬው ቪዲዮ መቆምና መደገም መቻሉ ትልቅ ብልጫ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው እንዲያቆመው የሚያስገድድ ጥያቄ በውስጡ ከሌለ፣ ማቆሚያው መኖሩ ብቻውን አያስተምርም።

አንድን ኮርስ ከመግዛት በፊት ለመመዘን ሙሉውን መመልከት አያስፈልግም፤ አንድ ትምህርት ብቻ በጥንቃቄ ማየት ይበቃል፤ ለዚህም እጅግ የሚመቸው ሁለት ጎነ ሦስቶች ተገጣጣሚ ስለሚሆኑበት ሁኔታ፣ ማለትም አንዱ በሌላው ላይ ሲነባበር ልክ ስለሚጋጠምበት ሁኔታ የሚያስተምረው ክፍል ነው። ሁሉም መጻሕፍት ሦስቱም ጎኖች እኩል ሲሆኑ፣ ወይም ሁለት ጎኖችና በመካከላቸው ያለው ዘዌ እኩል ሲሆኑ ጎነ ሦስቶቹ ተገጣጣሚ እንደሆኑ ይናገራሉ፤ ዘዌ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት፣ በተለምዶ አንግል የሚባለው ነው። የመምህሩ ችሎታ የሚታየው ግን ዘዌው በሁለቱ ጎኖች መካከል ባይሆንስ የሚለውን ጥያቄ ሲያነሣ ነው። በነጥብ ሀ ላይ 30 ዲግሪ ዘዌ ተሠርቶ፣ በአንደኛው ክንፉ ላይ ከሀ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነጥብ ለ ምልክት ይደረግበትና፣ ኮምፓሱ ለ ላይ ተተክሎ በ6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢዞር፣ ሌላውን ክንፍ በሁለት ቦታ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ በተመሳሳይ ልኬት ሁለት የተለያዩ ጎነ ሦስቶች ይገኛሉ፣ መገጣጠማቸውንም ማረጋገጥ አይቻልም። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ኮምፓሱ ክንፉን በአንድ ነጥብ ብቻ ነክቶ ቀጤ ጎነ ሦስት ይሰጣል፤ 4 ሲሆን ከነአካቴው አይደርስም። ይህን በሥዕል የሚያሳይ፣ ከዚያም በፊት ቪዲዮውን አስቁሞ ተማሪው በገዛ ኮምፓሱ እንዲሞክረው የሚያዝ መምህር ሊታመን ይችላል፤ «ይህ አይሠራም፣ በቃላችሁ ያዙት» ብሎ የሚያልፍ መምህር ግን የቀረውንም በዚሁ መንገድ እንደሚያስተምር መገመት አያዳግትም። ኮምፓስ የሌለው ቤት ማርኩስ ሆሄንዋርተር በኦስትሪያ የጀመረውንና ለተማሪዎች በነፃ የሚሰጠውን ጂኦጄብራ የተባለ ፕሮግራም መጠቀም ይችላል፤ ሆኖም በእጅ መሣሉን የሚተካ አይደለም።

በስፋት ከሚታወቁት ኮርሶች መካከል የካን አካዳሚው ነፃ ነው፤ ሳልማን ካን እ.ኤ.አ. በ2004 የአጎቱን ልጅ በርቀት ከማስጠናት የጀመረው ሥራ በ2008 ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኗል፤ ማብራሪያዎቹ አጫጭርና በእጅ የሚጻፉ ሲሆኑ፣ መልመጃዎቹ ግን በኮምፒውተር የሚታረሙ በመሆናቸው ተማሪው ሙሉ ማረጋገጫ ከባዶ ገጽ የሚጽፍበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው። የስቲቭ ዴሚ ማዝ-ዩ-ሲ በ30 ትምህርቶች የተከፋፈለና ለሳምንት አንድ አጭር ቪዲዮ የሚመድብ ስለሆነ ከሒሳብ ለሚሸሽ ልጅ ይመቻል፤ ማረጋገጫን ግን ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ያዘገየዋል። የሳቡሪ ወንድማማቾች ያዘጋጁት ቲቺንግ ቴክስትቡክስ እያንዳንዱን መልስ ራሱ አርሞ ማብራሪያ ስለሚሰጥ ሥራ የበዛበትን ወላጅ ያሳርፋል፤ ያ ዕረፍት ወላጁን ከልጁ ደብተር ጨርሶ እንዳያርቀው መጠንቀቅ ግን ያስፈልጋል። ጆን ሳክሰን ጂኦሜትሪን በአልጀብራ መጻሕፍቱ ውስጥ በትኖ ያስተማረ በመሆኑ፣ የቀድሞዎቹን የሳክሰን እትሞች ተከትሎ የመጣ ተማሪ የተለየ ኮርስ ከመግዛቱ በፊት የተማረውን ማጣራት ይኖርበታል። በይዘቱ ከሁሉ የሚልቀው የሃሮልድ ጄከብስ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በ2003 ለሦስተኛ ጊዜ የታተመው ይህ ሥራ ማመዛዘንን በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ እስከ መጨረሻ የሚያዘልቅ ሲሆን፣ ዶክተር ካላሃን ያዘጋጃቸው ቪዲዮዎች በተጓዳኝ ይገኙለታል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ የተማሪውን ማረጋገጫ አንድ ሰው ማንበብ አለበት። አንድ ማረጋገጫ በብዙ ትክክለኛ መንገዶች ሊጻፍ ስለሚችል፣ ኮምፒውተር ባዶ ቦታ ማስሞላትና ከአማራጮች ማስመረጥ ይቀናዋል፤ ከተዘረዘሩ ምክንያቶች ትክክለኛውን መምረጥ ግን ምክንያቱን ራስ ከመፈለግ እጅግ የቀለለ ሥራ ነው። እንደ ዴሬክ ኦውንስ ያሉ መምህራን ተጨማሪ ክፍያ ለሚከፍሉ ቤተሰቦች የእርማት አገልግሎት ይሰጣሉ። ይህ የማይቻለው ወላጅ፣ ጂኦሜትሪን የረሳ ቢሆን እንኳ፣ ልጁ ማረጋገጫውን በቃሉ እንዲያስረዳው አድርጎ በየመስመሩ «ይህን በምን አወቅህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጥያቄው በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ቢቀርብ ለውጥ የለውም፤ ልጁ መልስ ያጣበት መስመርም ማረጋገጫው የተቋረጠበት ቦታ ነው።

የመዝገብ ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው። ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ውጤት መዝገቡን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘጋጀው ወላጁ ሲሆን፣ አንድ ክሬዲት በልማድ 120 ሰዓት ያህል ትምህርትን ይወክላል፤ እንደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማትም ከአመልካቾች ጂኦሜትሪን በግልጽ ይጠይቃሉ። ኤስኤቲ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሒሳብ ክፍል የጂኦሜትሪና የትሪጎኖሜትሪ ድርሻ 15 በመቶ ያህል ነው፤ ፈተናው ማረጋገጫ አያጽፍም። አንዳንድ ወላጆች ይህን አይተው ማረጋገጫ የሌለበትን ኮርስ ቢመርጡ አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ልጁ በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ፊዚክስ ለማጥናት ካሰበ ማረጋገጫ ይጠብቀዋል፣ ያን ጊዜም እጁን ይዞ በዝግታ የሚያስጀምረው ሰው አያገኝም። ስለዚህ ወላጆች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የተገጣጣሚ ጎነ ሦስቶችን ትምህርት ከልጃቸው ጋር አብረው ይመልከቱ፤ የማረጋገጫ ደብተሩንም በየሳምንቱ የሚያነበው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይወስኑ።