ዋዜማው የእኛ፣ ዋንጫው የሌላ

በዚህ ወር ወደ ኳስ ሜዳ ጎራ ልንል ነው። የቤተሰብ መጽሔት ስለ ኳስ ምን አገባው የሚል አባት ካለ፣ እስቲ በቅድሚያ ልጁ ትናንት ከዒሻእ ሶላት በኋላ የት እንዳመሸ ይጠይቅና ይመለስልን። ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ሰፈሮች ድረስ፣ ትልቅ የፍጻሜ ጨዋታ ባለበት ምሽት ወጣት ከቤቱ አይገኝም። ኳስ በሚያሳዩት ቤቶች አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። በደሴ ጋቢ ተከናንቦ፣ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ሸሚዙን ከፍቶ፤ ልዩነቱ የአየሩ ብቻ ነው።

እኛም ከእነዚያ ወገን ነን። ለዓመታት የሙሐመድ ሳላሕ ደጋፊ ሆነን ኖረናል። ግብ ባገባ ቁጥር ሱጁድ ሲወርድ ልባችን አብሮት ይወርድ ነበር። ትናንት የመጣን እንዳንመስል ግን እንናገር፤ ከእርሱ በፊት የአቡ ተሪካ ሰዎች ነበርን። እ.ኤ.አ. በ2008 ጋና ላይ ማሊያውን ገልጦ ለጋዛ ሕዝብ ያለውን አዘኔታ ለዓለም ያሳየው፣ በዚያው ውድድር ፍጻሜ ካሜሩን ላይ ብቸኛዋን ግብ ያገባው እርሱ ነው። ግብጽ የ2006ን፣ የ2008ንና የ2010ን የአፍሪካ ዋንጫዎች በተከታታይ ወሰደች። ያኔ የግብጽ ደጋፊ መሆን ድካም የለውም። ሳላሕ ለአገሩ መጫወት የጀመረው ግን በ2011 ነው፤ ድግሱ ካለቀ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ።

መቼም ነገሩ ለአባቶቻችን አይዋጥላቸውም። ለምስር ልጅ ታዝናላችሁ ወይ ይሉናል፤ ምክንያትም አላቸው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፍጻሜ ሽንፈት የቀመሰችው ከግብጽ እጅ ነው። የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከውድድሩ በመውጣቷ ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰ፤ በፍጻሜውም 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ የሚባል አንድ ሰው ነበር። ብድሩ የተመለሰው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ዘጠናው ደቂቃ 2 ለ 2 አልቆ፣ በተጨማሪው ሰዓት እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ 4 ለ 2 አሸነፉ። ይህ ዋንጫ ከዚያ ወዲህ ወደ አገራችን አልተመለሰም። እንግዲህ የራሱ ቡድን ለፍጻሜ የማይደርስለት ወጣት የሰው ፍጻሜ ቢዋስ ምን ይደንቃል?

ወደ ሳላሕ እንመለስ። የመጀመሪያው ስብራት ጥር 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በጋቦን ሊብረቪል ነበር። ሳላሕ ያቀበለውን ኳስ ኤልኔኒ አገባ፤ እኛም ዋንጫውን በልባችን አነሳን። በሁለተኛው አጋማሽ ንኩሉ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አቡበከር ጨረሰን። ካሜሩን 2፣ ግብጽ 1። የዚያን ጊዜ የግብጽ አሠልጣኝ አርጀንቲናዊው ሄክቶር ኩፐር ነበር። ይህ ሰው ከቫሌንሲያ ጋር በ2000ና በ2001 ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የአውሮፓ ሻምፒዮኖች ሊግን ፍጻሜ ተሸንፏል፤ ከዚያ በፊትም ከማዮርካ ጋር የስፔን ንጉሥ ዋንጫንና የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎችን ፍጻሜ አጥቷል። ይህን የሚያውቅ ደጋፊ ዋንጫውን በልቡ ለማንሳት ባልቸኮለ ነበር።

ሁለተኛው በረመዳን ወር መጣ። ግንቦት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ሊቨርፑልና ሪያል ማድሪድ ኪየቭ ላይ። በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3፡45 ስለሚጀምር ተራዊሕን አሳጥሮ የሮጠ ብዙ ነው። ሳላሕ በዚያ ዓመት በሁሉም ውድድሮች 44 ግብ አግብቶ ነበር። በሠላሳኛው ደቂቃ ገደማ ከራሞስ ጋር ተያይዞ ወደቀ፤ ትከሻው ተጎዳ፤ እያለቀሰ ወጣ። ውጤቱ 3 ለ 1 ሆነ። በቀጣዩ ዓመት፣ በረመዳን የመጨረሻዎቹ አስር ቀናት፣ ማድሪድ ላይ ቶተንሃምን 2 ለ 0 ሲረቱ የመጀመሪያዋን ፍጹም ቅጣት ምት እርሱ አገባ። ደስ አለን፤ አልሐምዱሊላህ። ስለ ድል ግን ብዙ የሚወራ የለም፤ ደጋፊ ሲሰባሰብ የሚያነሳው የተሸነፈበትን ነው።

ከሁሉም የማንረሳው የጥር 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት በጦርነቱ ውስጥ ገብተው፣ መንግሥት ሁለቱን ከተሞች መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ነበር። ሁለት ወር ብቻ። ከስደት የተመለሰው ቤተሰብ በሩ ተሰብሮ፣ ዕቃው ተወስዶ አግኝቶታል። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። በየሰፈሩ ያልወጣ ሐዘን ነበረ። የእኛው ዋልያዎችም እዚያው ካሜሩን ሄደው በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፈው፣ ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጥተው ተመልሰዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ግብጽና ሴኔጋል ያውንዴ ላይ ለፍጻሜ የቀረቡት።

ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሳዲዮ ማኔም ሙስሊም ነው፤ እርሱም ሱጁድ ይወርዳል፤ በሊቨርፑልም ያኔ የሳላሕ ጓደኛ ነበር። ታላቅ ወንድም ለሳላሕ፣ ታናሽ ለማኔ ሆኑ። በሰባተኛው ደቂቃ ማኔ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲዘጋጅ፣ ሳላሕ ወደ በረኛው አቡ ገበል ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረው፤ ኳሷም ተያዘች። ከዚያ 120 ደቂቃ ያለ ግብ። ግብጾች ከኮትዲቯር፣ ከሞሮኮና ከካሜሩን ጋርም ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው ስለነበር ይህ አራተኛቸው ነው፤ እግራቸው አልቋል። በመለያ ምቱ ሴኔጋል 4 ለ 2 አሸነፈች። የመጨረሻዋን ያገባው ያው ያመለጠው ማኔ ነበር። ሳላሕ አምስተኛ መቺ ሆኖ ተመድቦ ስለነበር ተራው ሳይደርስ አለቀ። ሳይመታ ተሸነፈ።

እኛን ያጽናናን በማዶ ያለው ሰው ታሪክ ነው። የሴኔጋል አሠልጣኝ አሊዩ ሲሴ በ2002ቱ ፍጻሜ አምበል ሆኖ ባማኮ ላይ የመጨረሻዋን መለያ ምት የሳተ ሰው ነው፤ ዋንጫውን ካሜሩን ወሰደች። በ2019 አሠልጣኝ ሆኖ ካይሮ ላይ በአልጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ከሃያ ዓመት በኋላ ለአገሩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ። በእርሱ ላይ ቅናት አልያዘንም።

በዚያ ምሽት ያለቀሱ ወጣቶችን አይተናል። ጥቂት ትልልቅ ሰዎች፣ ይህ ሁሉ ሰው ሞቶ ለኳስ ይለቀሳል ወይ ብለው ተቆጡ። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ያ ልጅ በጥቅምት ሲሸሽ አላለቀሰም፤ ታናናሾቹን ይዞ ነበርና። ሲመለስም አላለቀሰም፤ በር ሲጠግን ነበርና። እንባው መውጫ ያገኘው ማንም በማይሞትበት ነገር ላይ ነው። ቁጣ ሳይሆን አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልግ ነበር።

ውርርድ ከገባበት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቁማር ሐራም መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ስለዚህ በደጋፊ ዓይን ብቻ እንየው። ትኬት የቆረጠ ሰው ቡድን የለውም። ገንዘቡ ያዘዘውን ይደግፋል፤ የሚወደው ተጫዋች እንዲስት ዱዓ እስከማድረግ ይደርሳል። የተሸነፈ ደጋፊ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ያጣል፤ የተበላው ግን የሱቁን መነሻና የእህቱን የትምህርት ቤት ክፍያ ያጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። መጋቢት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ያችው ሴኔጋል ግብጽን በመለያ ምት ከዓለም ዋንጫ አስቀረቻት፤ ሳላሕም የመጀመሪያዋን ምት ሳተ። ግንቦት 20 ፓሪስ ላይ ሪያል ማድሪድ እንደገና 1 ለ 0። በረኛው ኩርትዋ የሳላሕን ኳሶች ሲመልስ ያመሸበት ነው። ሰኔ 2 ደግሞ ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ፣ ሳላሕ በጉዳት በሌለበት፣ ኢትዮጵያ በዳዋ ሆቴሳና በግብጽ ሊግ በተጫወተው ሽመልስ በቀለ ግቦች ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈች። ለማን ተደሰታችሁ ለሚለን፣ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ለምስር ልጅ ያዘንን ሰዎች ለምስር ቡድን አናዝንም።

የመጨረሻው መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሆነ፤ ረመዳን 16። ሊቨርፑልና ኒውካስል በእንግሊዝ ሊግ ዋንጫ ፍጻሜ። የሚጀምረው ከምሽቱ 1፡30 ነው፤ ልክ ዒሻእና ተራዊሕ በሚገባበት ሰዓት። በየቤቱ ከኢፍጣር ማዕድ ሲነሱ ክርክር ነበረ፤ አንዱ ወደ መስጊድ፣ አንዱ ወደ ኳሱ ሄደ። ወደ ኳሱ የሄዱት ኒውካስል 2 ለ 1 ሲያሸንፍ፣ ሳላሕም በጨዋታው ሁሉ ወደ ግብ አንዲት ኳስ እንኳ ሳይሞክር ሲቀር እስከ መጨረሻው አዩ። ተራዊሕ ሰግደው የወጡት ግን ሲደርሱ 2 ለ 0 ሆኖ ስለጠበቃቸው፣ የሽንፈቱን ግማሽ ብቻ አይተው ወደ ቤታቸው ገቡ።