የላንዡ ቁርስ በኒውዮርክ ገበታ

ስለ ቻይና ምግብ ወሬ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጨፈግጋለን። የሚታወሰን እባቡ፣ እንቁራሪቱና አሳማው ነውና። ነገር ግን ዛሬ በኒውዮርክና በለንደን ሰዎች ተሰልፈው ከሚበሏቸው የቻይና የመንገድ ዳር ምግቦች አንዳንዶቹ የሙስሊም ወንድሞቻችን የእጅ ሙያ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የላንዡ ከተማ ሰው ቁርሱ በበሬ ሥጋ መረቅ የሚቀርብ፣ እንደ ፓስታ ያለ የሊጥ ክር ነው። ምግቡን ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ያስያዘው በ1915 (እ.ኤ.አ.) ማ ባኦዚ የተባለ የሁይ ሙስሊም እንደሆነ ይነገራል። ሁይ የሚባሉት ቻይንኛ ተናጋሪ ሙስሊሞች ናቸው። ሥራው ያስደንቃል፤ ባለሙያው ቢላዋም ሆነ መኪና አይነካም። ሊጡን በሁለት እጁ ይስባል፣ ያጥፋል፣ እንደገና ይስባል። በእያንዳንዱ እጥፋት ቁጥሩ በእጥፍ ስለሚያድግ አንዱ ሊጥ በስምንተኛው እጥፋት 256 ክር ይሆናል። ደንበኛው ከፈለገ እንደ ፀጉር ቀጭን፣ ከፈለገ እንደ ቀበቶ ሰፊ አድርጎ ያዛል። መረቁ የጠራ፣ ፍጅሉ ነጭ፣ የበርበሬው ዘይት ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሊጡ ቢጫ መሆን አለበት።

ይህ የተራው ሕዝብ ቁርስ ነው። በ2007 ዋጋው ሲንር የከተማዋ ባለሥልጣናት ተራው ትልቅ ሳህን ከ2.5 ዩዋን እንዳይበልጥ እስከ መወሰን ደርሰዋል። በምዕራቡ ዓለም ከተሞች ያው ሳህን በዚያ ዋጋ አይታሰብም።

ሌላዋ የሙስሊሞች የምግብ ከተማ ሺአን ናት። በታላቁ መስጊድ ዙሪያ ባለው ሰፈር ተመጋቢው ደረቅ ቂጣውን ራሱ በጣቱ ይፈረፍራል፤ አብሳዩም የበግ መረቅ ያፈስበታል። የእኛን ፍትፍት፣ የዐረቦቹን ሰሪድ የሚያውቅ ሰው እዚያ እንግዳ አይሆንም! በከሙን የታሸ የበግ ሥጋም የዚያው መንገድ ጣዕም ነው።

በ2005 በኒውዮርክ ፍለሺንግ ሰፈር አንድ ከሺአን የመጣ ቤተሰብ ይህንኑ ጣዕም ይዞ ሥራ ጀመረ። መሸጫው በአንድ የገበያ አዳራሽ ምድር ቤት ነበር። ዝናው ወጥቶ ዛሬ ሺአን ፌመስ ፉድስ በሚል ስም ብዙ ቅርንጫፎች አሉት። ከከሙኑ በግ ጎን ግን የአሳማ ሥጋም ይሸጣል።

ነገሩ እኛን የሚመለከተን እዚህ ላይ ነው። ምግቡ ሲከብር ስሙ ይሄዳል፣ ሐላልነቱ ግን ሁልጊዜ አብሮት አይሄድም። ውጭ ሀገር ያለ ልጃችን «ላንዡ» ወይም «ሺአን» የሚል ጽሑፍ ስላየ ብቻ አምኖ ሊቀመጥ አይገባውም። ሥጋው ከየት እንደመጣ፣ ድስቱ ከአሳማ ጋር የተለየ መሆኑን ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

በቻይና ውስጥ ሙስሊሞች ቤታቸውን «ቺንግዤን» በሚል ቃል ያስታውቃሉ፤ ትርጉሙ ንጹሕና እውነተኛ ማለት ነው። ከጎኑ በዐረብኛ «ሐላል» ይጻፍ ነበር። በ2019 ግን የቤጂንግ ባለሥልጣናት የሐላል ምግብ ቤቶች የዐረብኛውን ጽሑፍ ከሰሌዳቸው እንዲያነሱ አዘዙ። አንዳንዶቹም ጽሑፉን ሸፈኑት። ስለዚህ ለንግድ ወደ ጓንዡና ወደ ቤጂንግ የምትመላለሱ ወንድሞችና እህቶች፣ የቻይንኛዎቹን ሁለት ፊደላት ቅርፅ አጥንታችሁ ብትሄዱ መልካም ነው።