መሪን የሚያቀልለው ጠፍር

ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ከማራገቢያው ሥር፣ ከአንዱ ፑሌጃ ወደ ሌላው ተጠምጥሞ የሚሽከረከረው ጥቁር የጎማ ጠፍር፣ መካኒኮቻችን ቺንጋ የሚሉት፣ ዋጋው ከመኪና ዕቃዎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ነገር ግን ዕድሜዋ ከአምሳ ዓመት ያለፈ መኪና ያለው ሰው፣ የፓወር ስቲሪንጉን ቺንጋ ለመለወጥ በተነሣ ጊዜ፣ ያላሰበውን ያህል ትዕግሥትና ምርመራ የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱም የመለዋወጫ መጽሐፍ የሚናገረው መኪናዋ ከፋብሪካ በወጣችበት ዕለት ስለነበራት ሁኔታ ሲሆን፣ በፊቱ የቆመችው መኪና ግን በብዙ ባለቤቶችና በብዙ መካኒኮች እጅ አልፋ፣ ፓምፗ ተለውጦ፣ ፑሌጃዋ ተተክቶ፣ ምናልባትም ሞተሯ ራሱ ከሌላ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ፓወር ስቲሪንግ፣ ማለትም የመሪን ክብደት በዘይት ግፊት የማቅለል አሳብ፣ ሥር የሰደደው በአሜሪካ ነው። ቀድሞ የፒርስ አሮው ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ፍራንሲስ ዴቪስ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በዎልታም ከተማ ብዙ ከደከመ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 መሣሪያውን በመኪና ላይ ገጥሞ ለባለ ፋብሪካዎች አሳየ፤ ጄኔራል ሞተርስም ውል ተዋውሎ ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነበርና፣ በ1934 ወጪውን ፈርቶ ተወው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በመጣ ጊዜ ይኸው ጥበብ በከባድ የጦር ተሽከርካሪዎች ላይ ተፈትኖ ጥቅሙ ታወቀ፤ ከጦርነቱም በኋላ ክራይስለር በ1951 ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ ለሕዝብ አቀረበው፤ በዓመቱም ካዲላክ ተከተለው፤ ከዚያ ወዲህ የመሪ መቅለል ከመሳፍንት ምቾት ወደ ተራው ነጂ መብት እየወረደ መጣ።

የአሠራሩ ሥርዓት በአጭሩ ሲገለጥ፣ ቺንጋው ከክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ኃይል ተቀብሎ የዘይቱን ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይቱን በግፊት ይልካል፤ ነጂው መሪውን በጠመዘዘ ጊዜ የሚከፈተው ቫልቭም ያን ግፊት እጁ ወዳዘዘበት አቅጣጫ ይመራዋል። ግፊቱ ከሁሉ የሚበረታው መኪናዋ ቆማ መሪው እስከ መጨረሻው በተጠመዘዘ ጊዜ ስለሆነ፣ የላላ ወይም ልኩ ያልሆነ ቺንጋ በአውራ ጎዳና ላይ ዝም ብሎ ሄዶ፣ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ሲደርስ ይጮኻል። ቺንጋው ቢበጠስ መሪው መታዘዙን አይተውም፤ ሸክሙ ብቻ ወደ ነጂው ክንድ ይመለሳል። ያው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ ግን፣ ሞተሩ ሳይግል መኪናዋን ወዲያው ማቆም ግድ ነው።

በእነዚህ መኪናዎች ላይ የምናገኘው ቺንጋ፣ ከላይ ሰፊ ከታች ጠባብ የሆነው ዓይነት፣ የተወለደው በ1917 በኮሎራዶ በዴንቨር ከተማ፣ በጌትስ ወንድማማቾች ፋብሪካ፣ በጆን ጌትስ እጅ ነው። ከእርሱ በፊት ማራገቢያን የሚያዞረው የቆዳ ጠፍር ይለጠጥና ይንሸራተት ነበር፤ አዲሱ ቺንጋ ግን በግንድ ስንጥቅ ውስጥ እንደሚገባ ሽብልቅ፣ በተሳበ ቁጥር በፑሌጃው ቦይ ውስጥ እየጠለቀ የቦዩን ግድግዳዎች አጥብቆ ይይዛል። ከዚህም መሠረታዊው ሕግ ይገኛል፤ ቺንጋ የሚሠራው በሁለቱ ጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም። የቺንጋው ስፋት ከቦዩ ቢያንስ፣ ሆዱ የቦዩን ወለል ነክቶ፣ ጎኖቹ ሰበቃ አጥተው፣ ምንም ያህል ቢወጠር ይንሸራተታል፤ ቢበዛም ከቦዩ አፍ በላይ ተንሳፍፎ ጠርዙ ይበላል። ትክክለኛው ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር ጋር እኩል ወይም ወደዚያ እጅግ ቀርቦ የሚቀመጠው ነው። የቦዩ ማዕዘንም አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን፣ ትንሹ ፑሌጃ ጠባቡን ማዕዘን ይይዛል፤ ቺንጋ በጠባብ ዙሪያ በታጠፈ ጊዜ ሆዱ ይነፋልና።

ለምሳሌ በ1964 ሚያዝያ ለሕዝብ የቀረበችውን የፎርድ ሙስታንግ እንመልከት። ስምዋን ብቻ ይዞ ቺንጋ የሚጠይቅ ሰው ሻጩን ራሱን ያደናግረዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሙስታንጎች ዲናሞ ሲኖራቸው፣ በዚያው ዓመት ከነሐሴ ወዲህ የተሠሩት አልተርኔተር አላቸው፤ ፓምፑም በመጀመሪያ ኢተን የተባለው ኩባንያ የሠራው ነበር፣ በኋላ ግን ፎርድ የራሱን ፓምፕ አደረገበት፤ የአየር ማቀዝቀዣ በተገጠመላትም መኪና ላይ ፑሌጃዎቹና የቺንጋዎቹ መንገድ ይለያሉ። ስለዚህ መርማሪው አስቀድሞ የመኪናዋን መለያ ቁጥር ያነባል፤ በ1965 ሙስታንግ ላይ አምስተኛው ምልክት ሞተሩን የሚገልጥ ፊደል ሲሆን፣ ቲ ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ባለ 200 ኪዩቢክ ኢንች፣ ሲ እና ኤ ደግሞ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ባለ 289 ያመለክታሉ። ቀጥሎም በዕቃዎቹ ላይ የታተመውን የፎርድ ቁጥር ይፈልጋል፤ ሲ የ1960ዎቹን አሥርት፣ ተከታዩ አኃዝ ዓመቱን ይነግራልና፣ በ1965 መኪና ላይ ሲ 8 የሚል ፑሌጃ ያገኘ ሰው፣ ዕቃው ከኋላ ዘመን የመጣ እንግዳ መሆኑን ወዲያው ይረዳል።

በአሮጌው ቺንጋ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥርም ሳይጠፋ ከተገኘ ብዙ ይናገራል። በቺንጋ አምራቹ በዴይኮ አቆጣጠር 15430 ማለት ስፋቱ የኢንች 15/32፣ ርዝመቱ 43.0 ኢንች ነው፤ በአውሮፓ ልማድ ደግሞ 12.5 በ1000 ሲል ስፋቱንና ርዝመቱን በሚሊሜትር ይሰጣል። ይሁን እንጂ ብዙ ገዢ የሚሰናከልበት ድንጋይ እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ አምራች ርዝመቱን በውጭ ዙሪያ፣ ሌላው በውስጥ ዙሪያ፣ ሦስተኛው በመካከል ባለው የክሩ መሥመር ይለካዋል። ውፍረቱ 8 ሚሊሜትር የሆነ ቺንጋ የውጭ ዙሪያው ከውስጡ በ50 ሚሊሜትር ያህል ይበልጣልና፣ የተለካው የትኛው ዙሪያ እንደሆነ ሳይጠይቁ ቁጥርን ብቻ አስተያይቶ መግዛት ትርፉ ድካም ነው። በተጨማሪም አሮጌው ቺንጋ በአገልግሎት ተለጥጦ ይሆናል፤ ወይም ከአሁኑ በፊት የነበረው ባለቤት ያገኘውን አስገብቶ ይሆናል፤ ስለሆነም የአሮጌው ቺንጋ ቃል ይሰማል እንጂ ብቻውን አይታመንም።

ጥርጣሬ በበዛ ጊዜ እውነቱን የሚገልጠው መለኪያው ነው። ፓምፑ በማስተካከያው ቀዳዳ ላይ ወደ ሞተሩ ተጠግቶ፣ ነገር ግን እስከ ጫፍ ሳይደርስ ይቀመጥና፣ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ በፑሌጃዎቹ ቦይ ላይ ቺንጋው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ ተጠምጥሞ ይለካል፤ ገመዱ ከቦዩ አፍ ጋር እኩል ካለፈ ለውጭ ዙሪያው የቀረበ ልክ ይሰጣል። የቦዩ አፍ ስፋት በካሊፐር ይወሰዳል፤ ግድግዳው የተበላ፣ ወለሉም በሆድ መነካካት ያበራ ፑሌጃ ከተገኘ፣ አዲስ ቺንጋ ከመግዛት በፊት ፑሌጃውን መለወጥ ይገባል። ስፋት ላይ ይቅርታ የለም፤ በርዝመት በኩል ግን ማስተካከያው ጥቂት ምሕረት ያደርጋል፤ ቺንጋው ሁለት ፑሌጃ ብቻ የሚያገናኝ ከሆነ፣ ፓምፑ በቀጥታ 1 ሳንቲሜትር በራቀ ቁጥር 2 ሳንቲሜትር ያህል ርዝመት ይዋጣል። መልካሙ ርዝመት እንግዲህ ያለ ፍንቀላ በእጅ የሚገባውና፣ ከተወጠረም በኋላ ለነገው መለጠጥ የማስተካከያ ቦታ የሚተርፈው ነው።

በሚገጠምበት ጊዜ ቀጥ ያለ ብረት በፑሌጃዎቹ ፊት ላይ ተጋድሞ መሥመራቸው ይመረመራል፤ በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ላይ ከ2.5 ሚሊሜትር የበለጠ ዝንፈት ካለ፣ እንከኑ ያለው በማቀፊያው ወይም በፓምፑ ላይ ነውና አዲሱን ቺንጋ መውቀስ ከንቱ ነው። ውጥረቱ በአውራ ጣት ሲፈተን፣ ረጅሙ ክፍል መካከሉ ላይ 12 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ ለአብዛኞቹ እነዚህ መኪናዎች በቂ ነው፤ የላላው ይጮኻል፣ ከልክ ያለፈው ደግሞ የፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል። የዘይቱ ቋት ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ፓምፑን በእርሱ ላይ ተደግፎ በብረት መፈንቀል ቋቱን ሰርጉዶ ዘይት እንዲያፈስ ያደርገዋል፤ የፈሰሰውም ዘይት የቺንጋውን ጎማ አሳብጦ ያበላሸዋል። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ጉዞ ስለሚለጠጥ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዳግመኛ መፈተሽ አለበት።

ሆዱ ጥርስ ያለው ቺንጋ በትንሽ ፑሌጃ ላይ በቀላሉ ስለሚታጠፍ ለሚነዳት መኪና ይመረጣል፤ መኪናዋ በጥንተ መልኳ ለውድድር የምትቀርብ ከሆነ ግን ባለቤቷ ልሙጡን ይሻል። ምርጫው የትኛውም ቢሆን ልኩን የሚወስነው ያው ቦይ ነው፤ የመለዋወጫ መጽሐፍ የተከበረ ምስክር ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ግን ፑሌጃው ነው። ስለዚህ ልኩን ያገኘ ሰው፣ የቺንጋውን ስፋትና ርዝመት፣ ርዝመቱ የተለካበትን ዙሪያ፣ የፓምፑንም ዓይነት በፑሌጃዎቹ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ጽፎ ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር ያኑር፤ ፋብሪካው ስለዚያች መኪና ሊጽፈው የማይችለውን ታሪክ የሚጽፈው እርሱ ብቻ ነውና፣ ከእርሱ በኋላ የሚረከባት ሰው ምርመራውን ከመጀመሪያው እንዲጀምር አይገደድም።