ዲስክ ከተጨመረ በኋላ፦ የፋይል ሥርዓትን ያለ ጉዳት ስለ ማስፋት



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የሰርቨሩ ዲስክ ይሞላል፤ አዲስ ዲስክ ተገዝቶ ይገጠማል፤ ችግሩም ተፈታ ይባላል። ይሁን እንጂ ዲስኩ ከተገጠመ በኋላም ተጠቃሚው «ቦታ የለም» የሚለውን መልእክት ማየቱን ይቀጥላል። በገጠምነው ዲስክና ተጠቃሚው በሚያየው ማኅደር መካከል በርካታ እርከኖች አሉና፣ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ስለ አዲሱ ቦታ ካልተነገረው ቦታው ላይኛው እርከን አይደርስም። ሰርቨሩ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጥናት፣ ለዓመታት የተሰበሰበ የመስክ መረጃና ሊደገም የማይችል የመለኪያ ውጤት የሚይዝ ከሆነ፣ በእነዚህ እርከኖች ላይ የሚሠራ ስሕተት ከጥቂት ሰዓት መስተጓጎል ያለፈ ዋጋ ያስከፍላል። ስለዚህ ዛሬ ትእዛዞቹን ከመዘርዘር ይልቅ ትእዛዞቹ በየእርከኑ ምን እንደሚሠሩ ላስረዳ እወዳለሁ። ምሳሌዬ በአብዛኞቹ ሰርቨሮች ላይ የምናገኘው ሊኑክስ ነው።

አራቱ እርከኖች

ከታች የመጀመሪያው እርከን ዲስኩ ራሱ ነው፤ በአካል የሚገጠም ወይም በቨርቹዋል ማሽን ላይ መጠኑ የሚጨመር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ዲስኩ የተከፋፈለበት ሰንጠረዥ፣ ማለትም የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ነው። ሦስተኛው በብዙ ሰርቨሮች የሚገኘው የሎጂካል ቮልዩም እርከን ሲሆን፣ ከተለያዩ ዲስኮች የተገኘን ቦታ በአንድ ቋት ሰብስቦ እንደ አንድ ዲስክ ያቀርባል። አራተኛውና የላይኛው የፋይል ሥርዓቱ ነው፤ የትኛው ብሎክ የትኛው ፋይል እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ከዚህ አንድ ሕግ ይወጣል። ስናሰፋ ከታች ወደ ላይ እንሄዳለን፤ ስንቀንስ ከላይ ወደ ታች እንወርዳለን። ሲሰፋ፣ የላይኛው እርከን ከታችኛው ያነሰ ሆኖ ለጥቂት ጊዜ ቢቆይ ጉዳት የለውም፤ ቦታው ሥራ ፈትቶ ይቆያል እንጂ። ሲቀነስ ግን ታችኛው እርከን አስቀድሞ ቢያጥር፣ የፋይል ሥርዓቱ «አለኝ» ብሎ የመዘገበው ቦታ ከሥሩ ይጠፋል። ሂደቱ መሐል ላይ በኤሌክትሪክ መቋረጥ ቢቆም እንኳ መረጃችን ያለበትን ሁኔታ የሚወስነው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

በእርግጥ ሞልቷልን?

ዲስክ ከመግዛታችን በፊት የሞላው ምን እንደሆነ መለየት ይገባል። «ዲኤፍ» የሚለው ትእዛዝ የተያዘውን ቦታ ያሳያል፤ ነገር ግን የፋይል ሥርዓት ባይት ሳይጎድለው አይኖድ ሊያልቅበት ይችላል። ኤክስቲ4 ሲፈጠር በተለመደው ቅንብር ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ ይመድባል። ሚሊዮን ትናንሽ ፋይሎችን የሚያመርት ፕሮግራም ይህን ኮታ ቀድሞ ሊጨርስ ይችላል። ሌላው ተሰርዞ ገና ያልተዘጋ ፋይል ነው፤ ስሙ ከማኅደሩ ቢጠፋም የከፈተው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ቦታውን አይለቅም። በዚህ ሁኔታ መፍትሔው ፕሮግራሙን እንደገና ማስነሣት እንጂ ዲስክ መግዛት አይደለም።

ከመንካት በፊት

መጠባበቂያ ቅጂ ማዘጋጀት የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ቅጂ የምለው በሌላ መሣሪያ ላይ የተቀመጠና ጥቂት ፋይሎች ተመልሰው ተከፍተው የታዩበትን ነው። በዚያው ቋት ውስጥ የተወሰደ ስናፕሾት ከዲስክ ብልሽት አያድንም፤ ሬይድም ቢሆን አንድ ሰው በስሕተት የሰረዘውን ፋይል በሁሉም ዲስኮች ላይ እኩል ይሰርዛል። ከመረጃው በተጨማሪ የፓርቲሽን ሠንጠረዡንና የሎጂካል ቮልዩሙን መዝገብ በጽሑፍ መልክ ወደ ሌላ ማሽን ማስቀመጥ ጠቃሚ ነው፤ መጠናቸው እጅግ ትንሽ ነው፤ በጠፉ ጊዜ ግን የተበታተነውን መልሶ ለመገጣጠም የሚያስችሉት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው ግዴታ መለየት ነው። የዲስክ ስያሜ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ባዶውን ዲስክ በመለያ ቁጥሩና በመጠኑ አረጋግጠን እንጂ በስሙ ብቻ ተማምነን ትእዛዝ መስጠት የለብንም።

ሥራው ራሱ

ሁለት መንገዶችን እንመልከት። የመጀመሪያው ነባሩ ቨርቹዋል ዲስክ ለምሳሌ ከ500 ጊጋባይት ወደ 1 ቴራባይት ሲያድግ ነው። እዚህ የፓርቲሽኑን መጨረሻ ወደ ፊት እንገፋለን። ሠንጠረዡን መጻፍ መረጃውን አይነካም፤ መነሻ ሴክተሩ ግን በፍጹም መለወጥ የለበትም። አንድ ሴክተር እንኳ ቢዛነፍ የፋይል ሥርዓቱ መነሻ አይገኝም። ባዶው ቦታ ከፓርቲሽኑ ቀጥሎ መኖሩም መረጋገጥ አለበት፤ በመካከል ሌላ ፓርቲሽን ካለ መንገዱ ዝግ ነው። ጂፒቲ የተባለው የሠንጠረዥ ዓይነት ሁለተኛ ቅጂውን በዲስኩ መጨረሻ ስለሚያስቀምጥ፣ ዲስኩ ሲያድግ ያ ቅጂ መሐል ላይ ይቀራል፤ ወደ አዲሱ መጨረሻ መዛወር አለበት። የቆየው ኤምቢአር ደግሞ የሴክተር አድራሻን በ32 ቢት ስለሚመዘግብ፣ በ512 ባይት ሴክተር ከ2 ቴራባይት ገደማ አያልፍም።

ሁለተኛው መንገድ አዲስ ዲስክ ወደ ሎጂካል ቮልዩም ቋት መጨመር ነው። ዲስኩ በ«ፒቪክሪኤት» ይዘጋጃል፤ በ«ቪጂኤክስቴንድ» ወደ ቋቱ ይገባል፤ በ«ኤልቪኤክስቴንድ» ቮልዩሙ ያድጋል። ቋቱ ቦታን በተለመደው ቅንብር በ4 ሜጋባይት ቁራጭ ስለሚያድል፣ አዲሱ ቦታ ከነባሩ ጋር በአካል መያያዝ አያስፈልገውም።

በሁለቱም መንገዶች የመጨረሻው እርምጃ የፋይል ሥርዓቱን ማሳደግ ነው። በ4 ኪሎባይት ብሎክ የተፈጠረ ኤክስቲ4 ቦታውን 128 ሜጋባይት በሆኑ የብሎክ ቡድኖች ይከፍላል። «ሪሳይዝቱኤፍኤስ» አዳዲስ ቡድኖችን ከመጨረሻው ቀጥሎ ይደረድራል፤ የነበሩት ፋይሎች ባሉበት ይቀመጣሉ። የፋይል ሥርዓቱ ሥራ ላይ እያለ ማሳደግ የሚቻለው ስለዚህ ነው። ኤክስኤፍኤስ በበኩሉ የሚያድገው ተሰቅሎ እያለ ነው፤ በትእዛዙም የሚሰጠው የተሰቀለበት ማኅደር ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ የተሳሳተ ግምት አለ። ብዙ ተማሪዎች «አዲስ ቦታ ስለሆነ ፎርማት ያስፈልገዋል» ብለው ያስባሉ። በሰፋው ቮልዩም ላይ ፎርማት ማድረግ ግን ነባሩን የፋይል ሥርዓት በባዶ መተካት ነው። ማስፋትና መፍጠር ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው።

የማስፋት ዋጋ

ማስፋት ቀላል፣ መቀነስ ግን አስቸጋሪ ነው። ኤክስቲ4ን ለመቀነስ ከሥራ ማውጣትና አስቀድሞ ጤንነቱን መፈተሽ ግድ ነው፤ ኤክስኤፍኤስ ደግሞ በተግባር አይቀነስም። ስለዚህ ያለንን ቦታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከማደል ጥቂቱን በቋቱ ውስጥ ማስቀረት ብልኅነት ነው፤ ነገ ሌላ ቮልዩም ሊፈልገው ይችላልና።

ሌላው ዋጋ ከዓይን የተሰወረ ነው። አንድ ቮልዩም ያለ ሬይድ በሁለት ዲስኮች ላይ ሲዘረጋ፣ ከሁለቱ አንዱ ቢበላሽ የፋይል ሥርዓቱ በሙሉ ይጎዳል። እያንዳንዱ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 2 በመቶ ነው ብለን ብንገምት፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ የመበላሸቱ ዕድል ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ቦታውን እጥፍ ስናደርግ ሥጋቱንም እጥፍ አደረግን ማለት ነው። ምትክ የሌለው መረጃ የሚቀመጥበት ሰርቨር ሲሰፋ የሚገዛው ዲስክ ቁጥር ይህን ከግምት ማስገባት አለበት፤ የበጀት ጥያቄ ስታቀርቡም ይህን ስሌት አያይዙት።

ከሥራው በኋላ እያንዳንዱ እርከን አዲሱን መጠን ማሳየቱን፣ በከርነሉ መዝገብ ስሕተት አለመኖሩን፣ ጥቂት ነባር ፋይሎችም በትክክል መከፈታቸውን አረጋግጡ። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ የፈሰሰ መረጃ ግን ሁልጊዜ አይለቀምም። በእጃችሁ ያለው ሰርቨር የሌሎች ሰዎች የዓመታት ድካም ማደሪያ መሆኑን አስባችሁ፣ ትእዛዙን ከመጻፋችሁ በፊት የትኛውን እርከን እንደሚነካ በቃላችሁ መናገር የምትችሉ ሁኑ።