በደም ውስጥ ያለች የፊደል ግድፈት

ካዛንችስም ሆነ በዙሪያው ያለው የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ የወባ አገር አይባልም፤ ይሁን እንጂ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ሰንብቶ የሚያገረሽ በመሆኑ፣ በቆላ ከርሞ ለግንባታ ሥራ ወደ ካዛንችስ የመጣ ሰው ከወራት በኋላ ብርድ ብርድ ሊለው ይችላል። ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋስን ሰብሮ የሚገባው በሕዋሱ ገጽ ላይ ባለው፣ ደፊ በተባለ ፕሮቲን በኩል እንደሆነ የታወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ ጥናትም ደፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ አመልክቷል። በምዕራብ አፍሪካ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ደፊ የለውም፤ በኢትዮጵያ ግን ያለውም የሌለውም ጎን ለጎን ይኖራል።

ደፊ የጠፋበት ምክንያት ከሕዋስ አፈጣጠር ጋር የተያያዘ ነው። የጉበትም የቆዳም የመቅኔም ሕዋስ የሚይዘው የዘረመል መጽሐፍ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሕዋሳት የሚለያዩት የትኛው ገጽ እንዲገለበጥ በሚያዝዙ፣ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር በሚባሉ ፕሮቲኖች ነው። በመቅኔ ውስጥ ካሉት ከእነዚህ አንዱ ጋታ-1 ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው በዲኤንኤ ላይ ፈልጎ ከሚይዛቸው ጂ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤ ከተባሉ አራት ፊደላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ጋታ-1 የጎደላቸው ሕዋሳት የሌላውን አካል ክፍል ሲሠሩ የበሰለ ቀይ የደም ሕዋስ መሆን ግን ተስኗቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ደፊ የሌላቸው ሰዎች በደፊ ዘረመል መልእክት ውስጥ ሳይሆን ጋታ-1 በሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ብቻ እንደተለወጠችባቸው ታወቀ። ትእዛዙ የማይሰማው በቀይ ደም ሕዋስ ብቻ ስለሆነ፣ የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ዛሬም ደፊን ይሠራል። ቁም ጸሐፊ የሳተው አንድ ፊደል አንድን ገጽ በአንድ ደብር ብቻ እንዳይነበብ ያደረገ ያህል ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ደፊ የሌላቸው ኢትዮጵያውያን በቫይቫክስ መያዛቸው ተዘገበ፤ ለዚህም በርካታ ማብራሪያዎች ሲቀርቡ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳምነው እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ነው፤ ደፊ የላቸውም የተባሉ ሰዎች ቀይ ሕዋሳት ገና በመቅኔ ውስጥ በመብሰል ላይ ሳሉ ለጥቂት ጊዜ ደፊን እንደሚያሳዩ፣ ከዚያም ወደ ደም ሥር ሳይወጡ እንደሚያጡት አመልክቷል። በሩ የሚከፈተው በመቅኔ ውስጥ ከሆነ፣ ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ ደም ተሕዋሱን ማየት አዳጋች ሊሆን ይችላል።