አንድ ቆጥ፣ ብዙ ዕድሜ፦ ለተደባለቀ የዶሮ መንጋ መኖ ስለ መምረጥ



በመማሪያ ክፍል የዶሮ አመጋገብን የምናስተምረው መንጋውን በዕድሜ ከፍለን ነው፤ ጫጩት ለብቻ፣ ቄብ ለብቻ፣ እንቁላል ጣይ ለብቻ። በብዙ ቤተሰብ ጓሮ ግን እንዲህ ያለ ክፍፍል የለም። እናት ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ ገና እንቁላል ያልጀመሩ ቄቦች፣ ጣዮቹና አውራው በአንድ ቆጥ ያድራሉ፤ ከአንድ ገበታም ይለቅማሉ። የዛሬው ጥያቄዬ ለእንዲህ ያለው መንጋ አንድ ከረጢት መኖ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው የትኛውን ይግዛ የሚል ነው።

ጥያቄውን የማነሣው በራሴ ስሕተት ምክንያት ነው። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን አንዲት እናት ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር። የሚፈልጉት እንቁላል ስለ ነበር፣ ብዙም ሳላስብ «የእንቁላል ጣይ መኖ ይግዙ» አልኋቸው። ከወራት በኋላ ከቄቦቻቸው መካከል የሞቱትን ከፍተን ስንመረምር ኩላሊታቸው አብጦ፣ ልባቸውና ጉበታቸው ኖራ የተነሰነሰበት መስሎ አገኘነው። «ጥሩ መኖ እኮ ነው ያበላኋቸው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ መኖው ጥሩ ነበር፣ ግን ለቄቦቹ አልነበረም።

ምክንያቱ ካልሲየም ነው። የእንቁላል ቅርፊት ከሞላ ጎደል ካልሲየም ካርቦኔት ሲሆን፣ 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይዟል። ዶሮዋ ከምትበላው ካልሲየም ውስጥ ሰውነቷ የሚጠቀምበት ግማሽ ያህሉን ስለ ሆነ፣ በየቀኑ የምትጥል ዶሮ በቀን 4 ግራም ያህል ማግኘት ይኖርባታል። የቀን መኖዋ 110 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህም የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም እንዲይዝ ሆኖ ይዘጋጃል። ለጫጩትና ለቄብ ግን 1 በመቶ ገደማ ይበቃል። ቅርፊት የማይሠራ ሰውነት ትርፉን በኩላሊት በኩል ለማስወጣት ይገደዳል። ይህ ለሳምንታት ሲቀጥል ኩላሊት ይጎዳል፤ መወገድ የነበረበት ዩሪክ አሲድም በደም ውስጥ ተከማችቶ በውስጥ ብልቶች ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ይጋገራል። ያደገ አውራ ዶሮ ከቄብ ይልቅ ይህን ይቋቋማል፤ ቢሆንም አያስፈልገውም።

በአንጻሩ መንጋውን ሁሉ በእህል ብቻ መመገብም መፍትሔ አይሆንም። በበቆሎ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የፉርሽካውም ጥቂት ነው። ጣይዋ የጎደላትን ከአጥንቷ ትስባለች፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ እግሯም ይደክማል። በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል የምትጥለው የአገር ዶሮ እየጫረች ከምታገኘው ጋር ትቋቋመው ይሆናል። ከ200 በላይ የምትጥለው የተሻሻለ ዝርያ ግን አትችልም።

እንግዲህ መርሁ ይህ ነው፦ የጋራው መኖ ቶሎ የሚጎዳውን ያገናዘበ ይሁን፤ የተለየ ፍላጎት ላላት ደግሞ የተለየ ዕቃ ይቅረብላት። በተግባር ሲታይ፣ የሚገዛው ከረጢት ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 18 በመቶ፣ ካልሲየሙ 1 በመቶ ገደማ የሆነ የቄብ መኖ ነው። በጎኑ የተሸረከተ የኖራ ድንጋይ፣ ወይም ታጥቦ በእሳት የደረቀና የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት በሌላ ዕቃ ይቀመጣል። ጣይ ዶሮ ካልሲየም ሲያንሳት ለይታ ትፈልገዋለች፤ ይልቁንም ወደ ማታ፣ ቅርፊቱ የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ነውና። ሽርክቱ ከደቃቅ ዱቄት ይመረጣል፤ በጡንቻማው ጨጓራ ቆይቶ ሌሊቱን በዝግታ ይሟሟል። ለግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ግን አፍና አንጀት ያቃጥላልና ፈጽሞ አይሰጥ።

ጫጩቶች ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋሉ። አፉ ሰፊ የሆነ ቅርጫት ደፍቶ፣ ጠርዙን በድንጋይ ከመሬት ከፍ አድርጎ መኖአቸውን ከሥሩ ማስቀመጥ ይቻላል፤ እነርሱ ይገባሉ፣ ትልልቆቹ ይቀራሉ። የጫጩት መኖ የኮክሲዲያ መከላከያ መድኃኒት ሊኖርበት ስለሚችል፣ በከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ጣዮች ከበሉት የመድኃኒቱ ቅሪት ወደ እንቁላሉ ሊገባ ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ ምክር ጠያቂ ፊት ስትቆሙ «ምን ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። «ከገበታው ማን ማን ይበላል?» ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ያን ዕለት ሳልጠይቅ የቀረሁት ይህንን ነበር።