ለዕቃና ለዋጋ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚሰጥ ስምና ስለ አጻጻፉ ምርመራ

በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ርእሰ ከተማ «አረርቲ» የሚለው ቃል ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ከተማው ራሱ ነው፤ ሁለተኛው በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል አማካይነት በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ. ኤ. አ.) ለገበሬ የተለቀቀው ነጭ የሽምብራ ዝርያ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ በከተማው አጠገብ የተቋቋመው የኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። በገበያ ላይ ይህ ችግር አያመጣም። የእህል ነጋዴው መጋዘን ጠባቂውን «አረርቲ ስንት ገባ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ነገሩ ስለ ሽምብራው እንጂ ስለ ከተማው እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። የኮምፒዩተር መኪና ግን ከነገር አካሄድ የሚረዳው አንዳች የለም፤ የተሰጠውን ስም እንደ ተሰጠው ይዞ ይሠራል፤ ስሙ ጉዳዩን የማይገልጥ የሆነ እንደሆነም ስሕተቱን ተሸክሞ እስከ ደረሰኙ ድረስ ያደርሰዋል።

ዛሬ ብዙ አስመጪዎች፣ ላኪዎችና ባለ ሱቆች የዕቃቸውን ዝርዝር፣ ሽያጫቸውንና የመጋዘን ሒሳባቸውን በድረ ገጽ ላይ በሚሠራ ፕሮግራም ያስይዛሉ። ፕሮግራሙን ያዘዘው ነጋዴ የሚያየው የገጹን መልክ፣ ማለት ቀለሙን፣ ሥዕሉንና ቁልፎቹን ነው። ከገጹ በስተ ኋላ ግን ፕሮግራም ሠሪው የጻፈው ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ሒሳቡን የሚሠራውም ይኸው ጽሑፍ ነው። ነጋዴው ስለዚህ ጽሑፍ መኖር የሚያስበው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሠሪ ሥራውን ለቅቆ ሄዶ፣ በእርሱ ምትክ የተጠራው ሰው «ይህን ከማስተካከል እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል» ያለው ዕለት ነው። ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ወጪ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ የሒሳቡ መክበድ ሳይሆን የስሞቹ መበላሸት ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ዋጋ፣ ብዛት፣ ቀን፣ የደንበኛ ስምና ይህን የመሰለ ነገር የሚቀመጥበት ሥፍራ በባለሙያዎቹ ዘንድ «ተለዋዋጭ» ይባላል፤ ስሙ እንዳለ ሆኖ በውስጡ ያለው ነገር ሊለወጥ ስለሚችል ነው። በመጋዘን ውስጥ በጆንያ ላይ ከሚጻፍ ምልክት ጋር ቢነጻጸር ነገሩ ይቀላል። በጆንያው ላይ «ሀ» ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ትርጕሙን የሚያውቀው የጻፈው ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከስድስት ወር በኋላ ማስታወሱ ያጠራጥራል። «ነጭ ጤፍ፣ ምንጃር፣ 100 ኪሎ» ተብሎ የተጻፈበትን ግን ትናንት የተቀጠረው ሠራተኛ እንኳ አንብቦ ወደ ሥፍራው ይወስደዋል።

ከስሞች ሁሉ አደገኛው «ዋጋ» የሚለው ብቸኛ ቃል ነው። የምን ዋጋ? በየትኛው መስፈሪያ? እህል በኩንታል፣ ማለት በ100 ኪሎ ይሸጣል፤ ቡና በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ ዋጋው ይነገራል፤ ባለ ሱቁ ደግሞ በኪሎ ይመነዝራል። ለምሳሌ ያህል 50 ኩንታል ሽምብራ ኪሎው በ100 ብር ቢሸጥ ሒሳቡ 500,000 ብር ነው። ፕሮግራሙ ግን «ብዛት» እና «ዋጋ» የተባሉትን ሁለት ነገሮች እንዳሉ አባዝቶ 5,000 ብር ያወጣል። ስሞቹ «ብዛት_በኩንታል» እና «ዋጋ_በኪሎ» ተብለው ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ ሳይመነዘሩ ሊባዙ እንደማይገባቸው ጽሑፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ባወቀው ነበር። ይህ በትንሽ ሱቅ ብቻ የሚደርስ ጉዳት አይደለም። የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ወደ ማርስ የላካት መንኰራኩር በ1999 (እ. ኤ. አ.) የጠፋችው፣ አንዱ ፕሮግራም በእንግሊዝ መስፈሪያ ያወጣውን ቁጥር ሌላው በሜትሪክ መስፈሪያ እንደ ወጣ አድርጎ ስለ ተቀበለው ነበር።

ከትርጕሙ ሌላ የስም መልክ የሚባል ነገርም አለ። በፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ስም መካከል ባዶ ቦታ መተው ስለማይፈቀድ፣ ሁለትና ሦስት ቃል ለማጋጠም ዘዴ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል የሚጽፉት ሰዎች ከሁለት አንዱን ይመርጣሉ። አንዳንዶቹ ከሁለተኛው ቃል ጀምሮ የየቃሉን መነሻ በትልቅ ፊደል ይጽፋሉ፤ ትልልቆቹ ፊደላት እንደ ሻኛ ብቅ ብቅ ስለሚሉ «የግመል አጻጻፍ» ተብሏል። ሌሎቹ በቃላቱ መካከል የታች ሠረዝ ያደርጋሉ፤ ይህም መሬት ለመሬት ስለሚሄድ «የእባብ አጻጻፍ» ይባላል። ጃቫስክሪፕት በሚባለው የድረ ገጽ ቋንቋ ግመሉ፣ ፓይተን በሚባለው ደግሞ እባቡ የተለመደ ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢመረጥ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ መቀላቀል ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ ዋጋ በሁለት ስም ይመዘገብና አንደኛው ሲስተካከል ሌላው እንደ ነበረ ይቀራል።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት ስለሌለው ግመሉ በአማርኛ ሊሄድ አይችልም፤ ለአማርኛ የሚስማማው የታች ሠረዙ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 (እ. ኤ. አ.) በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ ወዲህ ጃቫስክሪፕትን በመሰሉ ቋንቋዎች ተለዋዋጩን በአማርኛ መሰየም የሚቻል ሆኗል። ነገር ግን ሌላ ወጥመድ አለበት። «ሰሊጥ» ተብሎም «ሠሊጥ» ተብሎም ቢጻፍ ለአንባቢው ያው አንድ ሰሊጥ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ስሞች ናቸው። «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»ም እንደዚሁ። ከዚህ ለመሸሽ የአማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሠሪም አልዳነም፤ ጤፍን አንዱ መጨረሻውን በአንድ፣ ሌላው በሁለት ፊደል ይጽፈዋል፤ ሸዋም ቢያንስ በሦስት መንገድ ሲጻፍ ይታያል። ስለዚህ መልኩን የሚመረምር አካል ያስፈልጋል።

ይህን ምርመራ ራሱ ኮምፒዩተሩ እንዲሠራው የሚያደርጉ ፕሮግራሞች አሉ። ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስቲቭን ጆንሰን የተባሉት ባለሙያ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ያዘጋጁትና በ1978 (እ. ኤ. አ.) የታወቀው «ሊንት» ነው። ሊንት በእንግሊዝኛ ከልብስ ላይ የሚለቀም ብናኝ ማለት ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ አውጥቶት ቢሆን ምናልባት «ወንፊት» ይለው ነበር። ለጃቫስክሪፕት ዛሬ በብዛት የሚሠራበት በ2013 (እ. ኤ. አ.) የወጣው ኢ. ኤስ. ሊንት ነው። ሠሪውና አሠሪው የተስማሙበት ደንብ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍለታል፤ እርሱም ጽሑፉን በሙሉ አንብቦ ደንብ የተጣሰበትን መስመር በቁጥር ይናገራል። የሰሊጡን ዓይነት ስሕተት የሚይዘው ቀድሞ ያልታወጀ ስም በጽሑፉ ውስጥ ሲያገኝ ነው። ፒ. ኤች. ፒ. በተባለው ቋንቋ እንዲህ ያለ የተሳሳተ ስም በሒሳብ ውስጥ ቢገባ፣ ማስጠንቀቂያ ይወጣና ሥራው ስሙን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ይቀጥላል፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከገዢው ዓይን እንዲሰወር ስለሚደረግ የዚያ ዕቃ ዋጋ ሳይደመር ደረሰኙ ይታተማል።

ላኪዎችን በተለይ የሚነካ ሌላ ምሳሌ አለ። በጉምሩክ የዕቃዎች አመዳደብ የሽምብራ ቁጥር 0713.20 ነው። ይህ ቁጥር ነጥቡ ቀርቶ 071320 ተብሎ በጃቫስክሪፕት እንደ ተራ ቁጥር ቢጻፍ፣ የቋንቋው አሮጌ ደንብ በዜሮ የሚጀምረውን ቁጥር በዐሥር ሳይሆን በስምንት ቤት ስለሚቆጥረው 29392 ሆኖ ይነበባል። ያልተቆላው ቡና፣ 090111፣ በውስጡ 9 ስላለበት በስምንት ቤት ሊቆጠር አይችልም፤ መነሻ ዜሮው ብቻ ጠፍቶ 90111 ይሆናል። እንግዲህ ቡናውን ላኪ ስሕተቱን በቀላሉ ሲያየው፣ ሽምብራውን ላኪ ግን የማያውቀውን ቁጥር በወረቀቱ ላይ ያገኛል። ፈታሹ ሁለቱንም ቁጥሮች ያሉበትን መስመር ጠቅሶ ይጥላቸዋል። የዚህ ዓይነት ቁጥር ሒሳብ የማይሠራበት ምልክት ስለሆነ በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ቃል እንጂ እንደ ብዛት ሊያዝ አይገባውም።

ይሁን እንጂ ፈታሹ የሚያየው እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ዕቃቸውን በኤል ሲ የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና ከ2007 (እ. ኤ. አ.) ጀምሮ በሚሠራበት በቁጥር 600 ደንብ መሠረት፣ ባንኩ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ፈታሹም እንደ ባንኩ መርማሪ ነው። «ዋጋ_በኪሎ» የሚለው ስም በደንቡ መሠረት መጻፉን ያረጋግጣል፤ በውስጡ የተቀመጠው በእርግጥ የኪሎ ዋጋ መሆኑን ግን ከቶ አያውቅም። የኩንታል ዋጋ በኪሎ ስም ተጽፎ ቢገኝ ያለ አንዳች ተቃውሞ ያሳልፈዋል። አንዳንድ ሠሪዎች የፈታሹን ንጹሕ ውጤት አሳይተው ሥራው ያለ ስሕተት እንዳለቀ አድርገው ሲያቀርቡት፣ ይህ ልዩነት ሊጠየቁበት ይገባል።

የትርጕሙ ነገር የሚቃናው ፕሮግራሙ ከመጻፉ በፊት ነጋዴውና ሠሪው አብረው ተቀምጠው የስሞች መዝገብ ሲያዘጋጁ ነው። በየስሙ ትይዩ መስፈሪያው፣ ትርጕሙና አንድ ምሳሌ ይጻፋል። እዚህ ላይ የነጋዴው እውቀት ከሠሪው ይበልጣል። «አረርቲ» የተባለው ዝርያ ከሆነ «ዝርያ_አረርቲ»፣ ዕቃው የተጫነበት ከተማ ከሆነ «መነሻ_አረርቲ» ይባላል። «ሰሜን ሸዋ» ብቻውን አይበቃም፤ ደብረ ብርሃን ዋና ከተማው የሆነ በአማራ ክልል፣ ፍቼ ዋና ከተማው የሆነ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል ስላለ፣ የተሳሳተው ከተመረጠ የጭነት መኪናው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ከውጭ አገር የተቀዱ ቅጾች ከራስ ስም ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ የኢትዮጵያ ደንበኛ የሚሞላው የአባቱን ስም ስለሆነ፣ ተለዋዋጩም «የአባት_ስም» ቢባል ደብዳቤው በአባቱ ስም ተጽፎ ከመላክ ይድናል። ቀን ደግሞ የትኛው ዘመን አቆጣጠር እንደሆነ በስሙ ላይ ይታይ፤ ጳጉሜን የማያውቅ የቀን መቁጠሪያ የዱቤ መክፈያ ቀን ሲያሰላ በዓመቱ መጨረሻ ላይ መሳቱ አይቀርም።

በውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ በሁለት ነገሮች እንዲታሰር ማድረግ ይቻላል፤ እነዚህም የፈታሹ ውጤትና የስሞቹ መዝገብ ናቸው። ኢ. ኤስ. ሊንትም ሆነ ለፒ. ኤች. ፒ. የሚያገለግለው ኮድ ስኒፈር ያለ ዋጋ የሚገኙ ስለሆኑ በዚህ ረገድ ወጪ አይጨምሩም፤ መዝገቡን ማዘጋጀት ግን ጥቂት ቀን ይወስዳል፤ ሠሪው ለዚህ ዋጋ ቢጠይቅ ያለ አግባብ ጠየቀ አይባልም። አሮጌ ፕሮግራም ያለው ነጋዴ ሁሉንም ስም በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ባይቸኩል ይሻላል። በመጀመሪያ ዋጋና ብዛት የሚባዙበት ክፍል ይስተካከል፤ ይህም የዓመቱ ሒሳብ ሰኔ 30 ቀን ከተዘጋ በኋላ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሽያጭ በሚቀዘቅዝበት ወራት ቢሆን፣ ሽምብራው ወደ መጋዘን መግባት እስኪጀምር ድረስ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እያመሳከሩ ለመሞከር በቂ ጊዜ ይገኛል።